ቀይ ባንዲራ ሲነሣባችሁ ዝም ለምትሉ ወጣት የመዶሻ ወርዋሪዎች

ውድ ወጣቶች፣

በቅርቡ መዶሻ፣ ማለትም በሽቦ የታሰረ የብረት ኳስ፣ የምትወረውር አንዲት ወጣት «ዳኛ ውርወራዬን ያለ አግባብ ሲሰርዝብኝ መከራከር ነውር ነው ወይስ መብት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ በውድድር ደንቡ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ በመሆኑ በአንድ መስመር ልመልስላት እችል ነበር። ነገር ግን ጥያቄዋ ከብዙ ዓመታት በፊት ያሠለጠንኋትን አንዲት ልጅ ስላስታወሰኝ፣ መልሱን መዶሻ ለጨበጣችሁና ለመጨበጥ ለምታስቡ ሴቶች ሁሉ መጻፍ መረጥሁ። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አመጋገብና በልምምድ ሰዓት ስለ መገኘት ግን አልጽፍም፤ ይህን ለማወቅ የእኔን ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም።

ልጅቷ ወደ መዶሻ የመጣችው እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሴቶች ከዲስከስ ውርወራ ነበር። ወንዶች ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሊምፒክ መዶሻ ሲወረውሩ፣ ሴቶች በዓለም ሻምፒዮና የተፈቀደላቸው በ1999 ሴቪያ ላይ፣ በኦሊምፒክ ደግሞ በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት በዚያ ጊዜ ብዙ አሠልጣኞች ለሴቶች የሚሰጡት የወንዶቹን ልምምድ ክብደቱን ቀንሰው ነበር። የወንዶቹ መዶሻ 7.26 ኪሎ ግራም፣ የሴቶቹ 4 ኪሎ ግራም ነውና ልዩነቱ የጉልበት ብቻ ይመስላቸው ነበር። የሴቶቹ መዶሻ ርዝመት ግን ከወንዶቹ የሚያንሰው በሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የሚወረወርበት ቀለበት ስፋትም ያው 2.135 ሜትር ነው። ቀላል ኳስ በዚያው ሽቦ ላይ ሲዞር እጅግ ይፈጥናል፤ እግር ካልደረሰበት ደግሞ ኳሱ ወርዋሪዋን ይቀድማታል። ይህች ልጅ የነበራት ትልቁ ሀብት እግር ነበር። ትከሻዋን አይተው «ይህችማ መዶሻ አትወረውርም» ያሉኝ ነበሩ፤ አራት ዙር ስትዞር ያዩዋት ቀን ግን ዝም አሉ።

አሁን ወደ ውድድሩ ልምጣ። ተወዳዳሪዎች ከስምንት ሲበልጡ ሁሉም ሦስት ሙከራ እንደሚያገኙና የተሻሉት ስምንቱ ብቻ ሦስት እንደሚጨመርላቸው ታውቃላችሁ። የእኔዋ ልጅ የመጀመሪያ ውርወራ ቀለበቱን ከከበበው መረብ ጋር ተጋጭቶ ከሴክተሩ፣ ማለትም ኳሱ ሊያርፍበት ከሚገባው ክልል፣ ውጪ ወደቀ፤ ሁለተኛው ትክክለኛ ቢሆንም አጭር ነበር። ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ሙከራ የገባችው ዘጠነኛ ሆና ነው። ጓንቷን አጥብቃ፣ መዶሻውን በራሷ ላይ ሁለት ጊዜ አወዛውዛ ወደ መጀመሪያው ዙር ስትገባ፣ ኳሱ ዝቅ በሚልበት ቦታ ከቀለበቱ ውጪ መሬቱን ፋቀው። ብረት ከሲሚንቶ ጋር ሲፋተግ የሚሰጠው ድምፅ እኔ እስከ ተቀመጥሁበት ድረስ ተሰማ። በዚህ ጊዜ ሚዛኗን የማትስት ወርዋሪ ጥቂት ናት። እሷ ግን ግራ ተረከዟ ላይ ተደላድላ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዙር እየፈጠነች ጨርሳ ለቀቀችው። ኳሱ ስምንተኛዋ ካስመዘገበችው ርቀት በግልጽ አልፎ ሣሩን ሰንጥቆ ገባ፤ ሜዳው ውስጥ የነበረው ዳኛም ሮጦ ኳሱ ባረፈበት ቦታ ምልክት ተከለ። በቀለበቱ አጠገብ የቆመችው ዳኛ ግን ቀዩን ባንዲራ አነሣች።

ደንቡ ምን ይላል? በማወዛወዝም ሆነ በመዞር ጊዜ የመዶሻው ኳስ መሬት ቢነካ ወይም የቀለበቱን ብረት ጫፍ ቢነካ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ወርዋሪዋ ራሷ የብረቱን የላይኛውን ገጽ ወይም ከቀለበቱ ውጪ ያለውን መሬት ስትነካ፣ ኳሱ ከማረፉ በፊት ከቀለበቱ ስትወጣ፣ ወይም በፊተኛው ግማሽ በኩል ስትወጣ ነው። ዳኛዋ ድምፁን ሰምታ ደነገጠች መሰለኝ፤ ክፉ ሰው ነበረች ብዬ አላምንም። ሌላ ደንብ ደግሞ አለ፤ ወርዋሪዋ በዚያው ቅጽበት በቃሏ ከተቃወመች የውድድሩ ዋና ዳኛ ውርወራው በተቃውሞ እንዲለካና እንዲመዘገብ ሊያዝ ይችላል። አንዲት ወርዋሪ ስምንቱ ውስጥ የምትገባው ተቃውሞዋ ተቀባይነት ሲያገኝ ብቻ ከሆነ እንኳ፣ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ቀሪዎቹን ሙከራዎች እንድታደርግ ሊፈቀድላት ይችላል። ልጅቷ ሁለቱንም ደንቦች ታውቃቸው ነበር፤ በክረምቱ ወራት አብረን አንብበናቸው ነበር።

ታዲያ ምን አደረገች? ባንዲራውን አየች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች፣ እንደ ሥርዓቱ በኋለኛው ግማሽ በኩል ወጥታ ፎጣዋን አነሣች። እኔ ከተመልካች መቀመጫ ተነሥቼ «ተቃወሚ! በይ ተቃወሚ!» እያልሁ ብጮህም፣ በዚያው ሰዓት በትራኩ ላይ አንድ የሩጫ ውድድር ሊያልቅ ጥቂት ሜትሮች ቀርተውት ስለነበር ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ይጮህ ነበር። መዶሻ ወርዋሪ ለመሆን ስትወስኑ ከምትቀበሉት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ እናንተ የሕይወታችሁን ምርጥ ውርወራ ስትወረውሩ ስታዲየሙ ወደ ሌላ ቦታ ይመለከታል። እንዲያውም ሣር ይበላሻል እየተባለ መዶሻ ከዋናው ስታዲየም ወደ ማሟሟቂያ ሜዳ የተባረረባቸውን ውድድሮች ብዙ አይቻለሁ። ለማንኛውም ምልክቱ ተነቀለ። ወደ ዋናው ዳኛ ለመድረስ ፈቃድ እስክጠይቅ ድረስ ቀጣይዋ ወርዋሪ ወርውራ ጨርሳ ነበር፤ ሜዳው ላይ ካሉት ብዙ ጉድጓዶች የእሷ የትኛው እንደሆነ ማንም ሊናገር አልቻለም። ዋናው ዳኛ በትሕትና አዳመጠኝና «የሚለካ ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ከውድድሩ በኋላ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። «ዳኛዋ እናቴን ታክላለች፤ በሰው ፊት እንዴት ተሳስተዋል እላታለሁ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ወርውራ ተወችው፤ ዛሬ በሌላ ሥራ ጥሩ ኑሮ ትኖራለች። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የቀረባት ስምንተኛነት አይደለም። አንድ ቀን ስንገናኝ ያን ውርወራ አንሥቼባት «እኮ፣ እግሬ ብረቱን ረግጦ ነበር» አለችኝ። እግሯ ምንም አልነካም ነበር፤ ዳኛዋም ስለ እግር አላነሣችም። በዚያ ቀን ያልተናገረችው ነገር ከዓመታት በኋላ የራሷን ምርጥ ውርወራ በራሷ አፍ ጥፋት አሰኛት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ፣ ልጆችን «ዳኛን አክብሩ» ብለን ስናስተምር ምን እያስተማርን እንደሆነ ደጋግሜ አስቤያለሁ።

በዚህ ላይ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የሆነውን ተመልከቱ። ጀርመናዊቷ ቤቲ ሃይድለር በዚያን ጊዜ በ79.42 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበረች። በአምስተኛው ሙከራዋ ከ77 ሜትር በላይ ወረወረች፤ የኤሌክትሮኒክ መለኪያው ግን ርቀቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሩሲያዊቷ ታትያና ሊሴንኮ ካስመዘገበችው ጋር አንድ በመሆኑ እንደ አዲስ ውጤት ሊመዘግበው አልቻለም። ሦስተኛ መሆኗ የተነገራት ቻይናዊቷ ዣንግ ዌንሺዩ ደስታዋን እየገለጸች ሳለ ሃይድለር ከዳኞቹ ጋር ቆማ ትከራከር ነበር፤ አልለቀቀቻቸውም። በመጨረሻ ርቀቱ ተረጋገጠና ነሐሱ ለእሷ ሆነ። አንደኛ የወጣችው ሊሴንኮ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ በ2016 ሲሰረዝ ደግሞ ሃይድለር ወደ ብር፣ ዣንግም ወደ ነሐስ ከፍ አሉ። ሃይድለር ያን ምሽት ፎጣዋን አንሥታ ሄዳ ቢሆን ኖሮ በኋላ ከፍ የሚያደርጋት መሠረት ባልኖረ ነበር።

በእርግጥ ሁሉም በደል በዚያው ሰዓት በመናገር የሚታረም አይደለም። ኩባዊቷ ዪፕሲ ሞሬኖ በ2008 ቤይጂንግ ላይ በቤላሩሷ አክሳና ሚያንኮቫ ተቀድማ ሁለተኛ ስትወጣ የምትቃወመው ነገር አልነበራትም፤ ቀደም ሲል የተወሰዱት ናሙናዎች እንደገና ተመርምረው የሚያንኮቫ ውጤት የተሰረዘው በ2016 ነው። መዶሻ ወርዋሪዋ አኔት ኤቺኩንዎኬ ደግሞ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በናይጄሪያ ተመርጣ ከሄደች በኋላ፣ አትሌቶቹ ከውድድር ውጪ በቂ የመድኃኒት ምርመራ ስላልተደረገላቸው ከሌሎች ዘጠኝ የሀገሯ አትሌቶች ጋር ታገደች። መርማሪ እንዲመጣላት ማድረግ የእሷ ሥራ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ ለአሜሪካ ተወዳድራ በ75.48 ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘች። ስለዚህ «ፌዴሬሽኑ ያውቃል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ለውድድር የሚጠየቀውን ምርመራና ወረቀት እናንተም አንብቡት፣ ጠይቁ፣ ጉትጎታችሁ ቢያስቀይማቸውም ጠይቁ።

በነገራችን ላይ የዛሬ ወጣቶች ዝም ትላላችሁ ብዬ ስጽፍ አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል። እያንዳንዱን ውርወራ በስልክ ትቀርጻላችሁ፤ አሠልጣኝ «ግራ እግርሽ ዘገየ» ቢል ቪዲዮውን ከፍታችሁ ትሟገታላችሁ። ማታ ማታ በስልክ ስለ ዳኝነት የምትጽፉትን አነባለሁ፤ ጥርት ያለ ክርክር ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ የምትጽፈው ልጅ ቀለበቱ ውስጥ ቀይ ባንዲራ ሲነሣባት እንደዚያች እንደ ጥንቷ ልጅ ራሷን ዝቅ አድርጋ ስትወጣ አይቻለሁ። ከውድድሩ በኋላ የሚለጠፍ ቪዲዮ የተነቀለ ምልክት አይመልስም።

እዚህ ላይ ራሴን የምቃረንበት ነገር አለ። በልምምድ ሁልጊዜ የምለው «ቀለበት ውስጥ ስትገቡ ደንቆሮ ሁኑ» ነው። አራቱ ዙሮች ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ናቸው፤ 75 ሜትር ለመድረስ ኳሱ ሲለቀቅ በሰከንድ ከ27 ሜትር በላይ መፍጠን አለበት፤ በዚህ መካከል የሚሰማ ጆሮ ጠላት ነው። ሆኖም ኳሱ በወረደ ቅጽበት ሁሉን የምትሰማና የምታይ ሰው እንድትሆኑ እጠይቃችኋለሁ። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው መኖራቸው ከባድ ነው፤ እንዴት እንደሚቻል አጥጋቢ ማብራሪያ የለኝም፤ የሚችሉትን ግን አይቻለሁ።

ስለ ትዕግሥትም ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ፖላንዳዊቷ አኒታ ቭሎዳርቺክ በ2009 በርሊን ላይ 77.96 ሜትር ወርውራ ክብረ ወሰን ስትሰብር በደስታ ዘልላ ቁርጭምጭሚቷን ጎዳች፤ እስከ ዛሬ ያልተሰበረውን 82.98 ሜትር የወረወረችው ግን ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ31 ዓመቷ ነው። በ35 ዓመቷ ሦስተኛ ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች፤ በ38 ዓመቷ ፓሪስ ላይ ከነሐስ የቀረችው በአራት ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ መዶሻ ዘግይቶ የሚያፈራ ሙያ ነው እላለሁ። የሲድኒዋ ሻምፒዮን ካሚላ ስኮሊሞቭስካ ግን በ71.16 ሜትር ስታሸንፍ ገና 17 ዓመቷ ነበር፤ በ26 ዓመቷም በልምምድ ካምፕ ሳለች አረፈች። 82.98 የተወረወረው ለእሷ መታሰቢያ በተዘጋጀው ውድድር ላይ ነው። ይህን ሳስብ ስለ ትዕግሥት የምለው ሁሉ ያጥርብኛል።

ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። ልጄ፣ ነውር አይደለም። ባንዲራው እንደተነሣ ከቀለበቱ በኋለኛው ግማሽ በኩል ውጪ፣ እጅሽን አንሺ፣ ድምፅሽን በቁጣ ሳታነሺ «ተቃውሞ አለኝ፤ ውርወራዬ ይለካልኝ፤ ዋናው ዳኛ ይጠራልኝ» በዪ። ምክንያቱን ለመዘርዘር አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ምልክቱ እንዳይነቀል ነው የምትፈልጊው። ከዚያ በኋላ ጥፋትሽ ምን እንደሆነ ጠይቂ። ውጤቱ በይፋ ከተነገረ በኋላም ለዋናው ዳኛ አቤት ለማለት ግማሽ ሰዓት አለ፤ ይህን አሠልጣኝሽም ሊያደርግልሽ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ቃል ግን ካንቺ በቀር የሚናገርልሽ የለም።

እኔ አሁን ከልጆቼ ጋር ይህን በልምምድ ላይ እንሠራዋለን። አንዷ ቀይ ጨርቅ ይዛ ዳኛ ትሆናለች፤ ትክክለኛውን ውርወራ ሆን ብላ ትሰርዛለች፤ ወርዋሪዋ ጮክ ብላ መቃወም አለባት። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፤ ዓይን አፋሮቹ ቃሉ ከአፋቸው እስኪወጣ ብዙ ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ባለፈው የውድድር ዘመን ከእነሱ አንዷ በእውነተኛ ውድድር ላይ ተቃወመች፤ ውርወራዋ ተለካ፣ ዋናው ዳኛ ተጠራ፣ የቀለበቱ ብረት ላይ የጫማዋ ምልክት ታየና ውርወራው ተሰረዘ። ዳኛዋን አመስግና ለቀጣዩ ሙከራ ጓንቷን አጠለቀች።