ግቢ ውስጥ የእንጨት ወለል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቂርቆስ ነው። ከሳሎናችን በር ፊት ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን ባዶ ቦታ አለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ በጭቃ ትሆናለች። እናቴ ቡና የምታፈላበት፣ ልጆቹም የሚጫወቱበት ዝቅ ያለ የእንጨት ወለል ላሠራ አስቤያለሁ። አናጺው ሞራሌውን የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ መሬቱ ላይ እንደሚዘረጋና ጣውላውን እላዩ ላይ በምስማር እንደሚመታ ነገረኝ። ይበረክታል? ስንት እንጨትስ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበረክትም እህቴ። አፈር የነካ እንጨት ወይ ይበሰብሳል ወይ ምስጥ ይበላዋል። የተቃጠለው ዘይት የሚይዘው ላይ ላዩን ነው። ደግሞ ሽታው ቶሎ አይለቅም፣ ልብስ ያበላሻል፣ ዝናብ ሲያጥበው ወደ አፈሩ ይገባል። ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበት ቦታ ላይ በፍጹም እንዳታስቀቢ።

ከእንጨቱ በፊት ውሃውን አስቢ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጣሪያሽ የሚወርደው ውሃ የት ነው የሚሄደው? አሸንዳው እዚያችው ቦታ ላይ የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይዙር። ከዚያ የላዩን አፈር 10 ሳንቲም ያህል አስቆፍሪና መሬቱን ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ዝቅ እያለ እንዲሄድ አስደልድለሽ፣ በደንብ አስጠቅጥቀሽ፣ ጉድጓዱን በጠጠር ሙዪው። ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ ግን ጠለቅ ብሎ ይቆፈርና ከጠጠሩ በታች ገረጋንቲ ይግባበት። ላስቲክ እናንጥፍ የሚልሽ ካለ እሺ አትበይ፤ ውሃ ያቁርብሻል።

ጠጠሩ ላይ ባለ 10 ሳንቲም ድፍን ብሎኬት በጎኑ ይተኛል፣ ሞራሌው እሱ ላይ ያርፋል። ብሎኬቱና ሞራሌው መሃል የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ጣል አድርጊበት፤ እርጥበቱ ወደ እንጨቱ እንዳይወጣ ያግዳል። ወለሉን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አታያይዢው፣ 2 ሳንቲም ክፍተት ተዪ። ከበሩ ደፍም ቢያንስ 5 ሳንቲም ዝቅ ይበል። ማንሆል ካለ እላዩ ላይ የሚያርፈው ጣውላ ተነቃይ ይሁን፣ አለበለዚያ ፍሳሹ የተዘጋ ቀን ወለሉን ማፍረስሽ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ሞራሌዎቹ በ40 ሳንቲም ርቀት ከተደረደሩ ባለ 3 ሜትር 11 ሞራሌ ይፈልጋል። እያንዳንዱ በየሜትሩ ድጋፍ ሲያገኝ 44 ብሎኬት ይሆናል። ጣውላው 15 ሳንቲም ስፋት፣ 4 ሜትር ርዝመት ካለውና መሃሉ ላይ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ከተተወ 20 ይበቃል፤ ለብልሽት 2 ጨምሪ። ክፍተቱን አናጺው «አያምርም» ብሎ ሊዘጋው ይችላል፣ አትፍቀጂ፣ ውሃ የሚወርደውም አየር የሚገባውም በእሱ ነው።

እንጨቱን በተመለከተ ጽድ መበስበስንም ምስጥንም በደንብ ይቋቋማል፣ ግን ውድ ነው። ከተፈጥሮ ደን የተቆረጠ እንዳይሆንም ከየት እንደመጣ ጠይቂ። የብዙ ሰው አቅም ባህር ዛፍ ነው። ችግሩ እርጥብ ሆኖ ከተገጠመ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገና ሥራው ሳይጀመር ወራት ቀደም ብለሽ ግዢውና ጥላ ቦታ፣ በመሃል በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ አየር እንዲያገኘው ተደርድሮ ይድረቅ። በጥቅምት ገዝቶ ከበልግ በፊት መግጠም ጥሩ ነው። በምስማር ሳይሆን ዝገት በማይይዘው፣ በካቻቢቴ በሚጠብቅ ቪስ ይታሰር። ጫፍ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ በድሪል ይበሳ።

የእናትሽን ቡና አልረሳሁም። የከሰል ምድጃው ጣውላው ላይ በቀጥታ እንዳይቀመጥ! አንዱን ጥግ ያለ እንጨት ተዪውና ሴራሚክ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነጥፊበት። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ ከመቆፈርሽ በፊት ወረዳውን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ነኝ። የእንጨት ወለላችን ክረምት ላይ ያንሸራትታል። ቫርኒሽ ልቀባው?

መልስ፦ አትቀባው ወንድሜ። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ቫርኒሽ ይላጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብስ ያንሸራትታል። የሚያንሸራትተው ጥላ ቦታ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) ነው። በሳሙና ውሃና በጠንካራ ብሩሽ እሸው፣ እላዩ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ካለ ከርክመው። በጋ ላይ በደንብ ሲደርቅ ለውጭ እንጨት የተዘጋጀ ዘይት ቀባው። የቀባህበትን ጨርቅ ጨብጠህ አትጣል፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላልና ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።