የዳይሬክተሮች ማኅበር አሸናፊ ኦስካርንም ይወስዳል?

የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበርን ሽልማት የወሰደ ሰው የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካርንም ኪሱ ከተተ ማለት ነው ወይ ላልከው፣ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከ1948 እስከ 2024 በወጡ ፊልሞች ሁለቱ ሽልማቶች ለተለያየ ሰው የሄዱት 8 ጊዜ ብቻ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ለምን ይለያያሉ? መራጮቹ አንድ አይደሉም። የማኅበሩን ሽልማት የሚሰጡት አባላቱ ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ የቴሌቪዥን ሰዎችና ረዳት ዳይሬክተሮች ናቸው። ኦስካር ላይ ደግሞ ዕጩዎቹን የሚለየው ሽልማቱን የሚሰጠው የፊልም አካዳሚ የዳይሬክተሮች ክፍል ብቻ ነው፤ አሸናፊውን ግን ተዋናዩም፣ ጸሐፊውም፣ ሁሉም የአካዳሚው አባል ይመርጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የኦስካርን የዕጩ ዝርዝር እይ። ስፒልበርግ በ1985፣ ሮን ሃዋርድ በ1995፣ ቤን አፍሌክ በ2012 ፊልሞቻቸው ማኅበሩ ሸልሟቸዋል፤ ኦስካር ላይ ግን በዳይሬክተርነት ዕጩ እንኳ አልነበሩም! የ2019ኙ ደግሞ ሌላ ነው። ሳም ሜንዴስ ዕጩም ነበር፣ የማኅበሩንም ሽልማት አሸንፏል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ኦስካሩን ቦንግ ጁን ሆ ወሰደው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ሽልማቱ የሚጠራው በፊልሙ ዓመት ነው፤ ሥነ ሥርዓቱ የሚካሄደው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ። እኔ ይህን አምታትቼ ከጓደኞቼ ጋር በያዝኩት ውርርድ ጉድ ሆኛለሁ።