ጥያቄና መልስ፦ አፍንጫ ያወጣችው ሳንቲም

ስለ ጠገራ ብር ከጻፍኩ ወዲህ የሳንቲም ጥያቄ ጎርፎልኛል። ጥቂቱን እነሆ።

«ጋሼ፣ አጎቴ ከለንደን የደረት ጌጥ ላከልኝ። ሳንቲም ነው፤ የንግሥቲቱ ፊት ግን ወደ ውጭ አብጧል። ሲታተም ነው እንዲህ የሆነው?» (ከደብረ ብርሃን)

አይደለም። ይዘኸው መጥተህ አይቼዋለሁ። የእንግሊዟ ንግሥት የቪክቶሪያ ፔኒ ነው፣ የነሐስ ዝርዝር ሳንቲም። ሲታተም እንደ ማንኛውም ሳንቲም ጠፍጣፋ ነበር። ኋላ ጌጥ ሠሪዎች ጎድጓዳ ቅርጽ ላይ በፊቱ ደፍተው ከጀርባው በማተሚያ ይገፉታል። ፊቷ ይወጣል፣ ጠርዙ ባለበት ይቀራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ፋሽን ነበር፤ መርፌ እየበየዱ ደረታቸው ላይ ይሰኩት ነበር። እስቲ ገልብጠው። የጣትህ ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ጦርና ጋሻ ይዛ የተቀመጠችው ሴት ወገቧ ተውጦ የጦሯ ጫፍ ብቻ ተርፏል። 1897 የሚለው ግን ከታች ጠርዙ ጥግ ስለሆነ ይነበባል። ጀርባው ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ፊቷ ከላይ የተለጠፈ ነው እልህ ነበር። ክብደቱም 9 ግራም ተኩል ገደማ፣ የመርፌው ሲደመር ትንሽ ከፍ ይላል። ከነሐሱ ምንም አልተቀነሰምና።

«የአያቴን የምኒልክ ብር አንጥረኛ ጋ ወስጄ አንበሳውን እንዲህ ላስወጣው?» (ከአንኮበር)

ኧረ በሕግ አምላክ! አንበሳው ከወጣ በዚያኛው በኩል ያሉት ምኒልክ ይሰምጣሉ። ደግሞ አንኮበር ተቀምጠህ! ፔኒ በሚሊዮን የታተመ ነገር ነው። የአያትህ ብር ግን ፓሪስ የተመታ፣ 28 ግራም የሚመዝን ነው፤ አንዴ የአንጥረኛ መዶሻ ከነካው ሰብሳቢ አይፈልገውም። አንበሳ ካማረህ ለአንጥረኛው ዝርግ ብር ገዝተህ ስጠው።

«የቆየ ሳንቲሜን በሎሚና በአመድ ልፈትገው?» (ከሸዋ ሮቢት)

እንዳትነኪው።

«የእናቴ የአንገት ጌጥ ጠገራ ብር ነው፣ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። 1780 ይላል። ዋጋ ያወጣል?» (ከአልዩ አምባ)

እማማ፣ 1780 ጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ሲታተም የኖረው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዟል፤ ስለዚህ ዕድሜውን አይነግርዎትም። ብየዳው በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋ ይቀንሳል። ግን ሳንቲም ነው ብለው አይሽጡት፣ ጌጥ ነው። ማንጠልጠያውንም እንዳያስነቅሉ፤ ጠባሳው ይብሳል።

«የጃንሆይ ስሙኒ ጠርዟ ለምን እንደ አበባ ሆነ?» (ከደብረ ሲና)

በአጭበርባሪ ምክንያት! በእኛ አቆጣጠር የ1936ቱ ስሙኒ (25 ሳንቲም) መጀመሪያ ክብ ነበረች፣ መዳብ። መጠኗ ከብር ከተሠራው ሽልንግ (50 ሳንቲም) ጋር ስለሚቀራረብ ብር ቀብተው በሽልንግ ሒሳብ ያሳልፏት ጀመር። ጠርዟን ቢለውጡት ብር መቀባት ዋጋ አጣ። እናቴ ኩራዝ ሳታበራ ከመቀነቷ በጣቷ ለይታ ታወጣት ነበር።