«ከማን ያዘዎት?»

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ ለነርሲንግ ተማሪዎች ስለ ሙያችን እንዳወጋ ተጋብዤ ሳለ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ኮሮናው ከማን ያዘዎት?» ሲል ጠየቀኝ። «ከታካሚ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ወደ ሌላው ጥያቄ አለፍኩ። መልሴ ሐሰት አልነበረም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ማንም ያልጠየቀኝ ሌላው ጥያቄ ነው፤ እኔስ ለማን አስተላለፍኩት?

ጊዜው መጋቢት 2013 ዓ.ም. ነበር። በሽታው አገራችን መግባቱ ከተነገረ ዓመት ሞልቶት፣ ሰዉ ጭምብሉን አገጩ ላይ ማንጠልጠል ጀምሯል፤ እኛም ከሰዉ እምብዛም አልተሻልንም። በዚያው ወር የአስትራዜኔካ ክትባት ቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት ሲጀምር፣ እኔ «ጾሙ ይውጣና» ብዬ አቆየሁት።

የደብረ ብርሃንን ማለዳ ታውቁታላችሁ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ከየጓሮው የኩበት ጭስ ይነሣል። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ያ ጭስ ዓይኔን አቃጥሎ እንባዬን አወረደው፤ አፍንጫዬ ግን ምንም አልሸተተውም። ቆሜ ሁለት ሦስት ጊዜ አየሩን ሳብኩ፤ ምንም። ለስንቱ ታካሚ «ሽታ ይለያሉ?» እያልኩ የጠየቅኩ ሰው ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ገብቶኝም ሥራ ገባሁ። የሚተካኝ ተረኛ የለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነት ነው፣ አልነበረም፤ ነገር ግን ከ30 ዓመት አገልግሎት በኋላ በራሴ ክፍል ተኝቼ መታየቱም አሳፍሮኝ ነበር።

ሁለት ቀን እንዲሁ ሠራሁ። በእረፍት ሰዓት በጠባቧ የነርሶች ክፍል ውስጥ፣ ስለ ብርዱ መስኮቱን ዘግተን፣ ጭምብላችንን አውልቀን ሻይ እንጠጣለን። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛችን ከቤታቸው የገብስ ቆሎ ይዘው ይመጡና ከአንድ ሳህን እንዘግናለን። እሳቸው ነርስ መሆኔን እያወቁም ዶክተር ይሉኝ ነበር፤ ደጋግሜ ባርማቸውም አልተዉም።

በሦስተኛው ቀን የኦክስጅን መለኪያውን ጣቴ ላይ ሳደርግ 86 አነበበ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ጤነኛ ሰውም ላይ ቁጥሩ ከቆላው ዝቅ እንደሚል ለተማሪ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። «ደጋ ነው፤ ጣቴም በርዷል» አልኩ። ኮሮና የሰውየውን ኦክስጅን አውርዶ ትንፋሹን ግን ሳያስጨንቀው ሊቆይ እንደሚችልም አውቅ ነበር። ዕውቀቴ ሁሉ ያን ዕለት ራሴን ማታለያ ሆነልኝ። ጠዋት በስልኳ ምክንያት የተቆጣኋት አንዲት ጀማሪ ነርስ መለኪያውን ከእጄ ወስዳ የራሷ ጣት ላይ አደረገችው፤ 94። መልሳ እኔ ጣት ላይ፤ 86። «ጋሼ፣ እኔም እዚሁ ደጋ ላይ ነኝ» አለችኝ።

ዛሬም ቢሆን በሥራ ሰዓት ስልክ የሚነካካ ወጣት አልወድም፤ ታካሚው እየጠራ ጣታችሁ መስታወት ላይ መሆኑን እጠላለሁ። ሕይወቴን ያተረፈችው ግን ያቺ ልጅ ናት።

ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ላይ ቆየሁ። የሳንባ ብግነት የሚያበርደው ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ በሆዴ እንድተኛም ይገለብጡኝ ነበር። ሌሊት የኦክስጅኑ ጠርሙስ ውሃ ሲንተከተክ፣ መንዝ ውስጥ በልጅነቴ እናቴ የምትጥደው የሽሮ ድስት ይመስለኝና ሽታውን ለማስታወስ እሞክር ነበር፤ አልመጣ ይለኛል። እስከ ሰኔም አልመጣም።

እጅ መታጠብንና ጭምብልን አልሰብክላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የምላችሁ፣ የታመማችሁ ዕለት በዚያው ዕለት ተናገሩ ነው። ይህን ስጽፍ ግን፣ ያኔ ከእናንተ አንዱ ተራውን ትቶ ቢቀር ሰነፍ ብዬ እቆጣው እንደነበረ አልክድም።

እትዬ መታመማቸውን የሰማሁት በአምስተኛው ቀን ሲሆን፣ ያሉትም ከእኔ ሁለት ክፍል አልፎ ነበር። ከእኔ ይሁን ከሌላ ሰው የሚለይ ምርመራ በእጃችን አልነበረም፤ ሕመሙ ሳይሰማው የሚያስተላልፍ ሰውም አለ። እኔ ግን ተሰምቶኝ ነበር። ዳኑ፤ ሆኖም ባልዲ ሲያነሡ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ በኮንትራት የያዙትን ሥራ ብዙም ሳይቆዩ ተዉት።

ከመሄዳቸው በፊት፣ የትንሣኤ ሰሞን፣ እኔ ገና ቤት ሳገግም ሊጠይቁኝ መጡ። ደጃፉ ላይ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ግቡ ብላቸውም እምቢ አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ዶክተር፣ ከእኔ ይሆን እንዴ የያዘዎት?» አሉኝ።

«ማን ያውቃል፣ እትዬ» አልኳቸው።