ከወለድኩ ወዲህ ብርዱ ጨረሰኝ፤ የቱን ኪኒን ላስቀድም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሞላሌ ነው። 33 ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ብዙ ደም ፈሰሰኝ። ራሴን ስቼ በቃሬዛ ነው መኪና መንገድ ያደረሱኝ። ደም ተሰጥቶኝ ተረፍኩ። ጡቴ ግን አላጋተም፤ ልጄን በላም ወተት አሳደግኩት። አሁን አምስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የወር አበባ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ይበርደኛል፣ ከመኝታዬ ስነሳ ያዞረኛል፣ የብብቴ ጸጉር ሳይቀር ረግፏል። አንዴ ደም ማነስ፣ አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ ጨጓራ ተባልኩ። አማቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አጠጣችኝ፤ ጸበልም ገባሁ። በቅርቡ አንድ ክሊኒክ «የታይሮይድ ሆርሞንሽ አንሷል» ብለው ሌቮታይሮክሲን አዘዙልኝ። ልጀምር ስል ሌላ ሐኪም «ቆይ፣ መጀመሪያ ኮርቲሶልሽ ይታይ» አለኝ። ማንን ልስማ? ሌላ ልጅስ መውለድ እችላለሁ?

መልስ፦ ሁለተኛውን ሐኪም ይስሙ። ኪኒኑ ይቆይ።

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ታይሮይዱ ላይ አይደለም። «ጡቴ አላጋተም» የሚለው ላይ ነው። በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ወተት ካልያዘች፣ የወር አበባዋም ሳይመለስ ከቀረ፣ ሐኪም አስቀድሞ ሊጠረጥር የሚገባው ፒቱታሪ የምትባለውን እጢ ነው። ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ኋላ በኩል ናት። ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ታይሮይድን፣ ከኩላሊት በላይ ተቀምጠው ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚያመነጩትን አድሬናል እጢዎችና የእንቁላል እጢዎችን የምታዘው ግን እሷ ናት። በእርግዝና ጊዜ ትተልቃለች፤ የሚደርሳት ደም ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። በወሊድ ብዙ ደም ፈሶ ግፊት ሲወርድ ከፊሏ፣ አንዳንዴም አብዛኛው ክፍሏ ይሞታል። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሺሃን እ.ኤ.አ. በ1937 ስለጻፈበት ሺሃን ሲንድረም ይባላል። በሀብታም አገሮች ዛሬ እምብዛም አይታይም። መንገድና ደም በሚርቅበት አገር ግን አለ።

እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ «ይበርደኛል» ያለ ሰው ባና ይደረብለታል እንጂ ማን ይመረምረዋል? በሽታው ዓመታት ተደብቆ የሚቆየው አንድም በዚህ ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ሆኜ ስሠራ ድካም የበዛባት እናት ከመጣች «የመጨረሻውን ልጅ አጠቡት?» የምትለዋን ጥያቄ አልዘላትም። ይህችን የሚጠይቅ ቢበዛ ስንቱ የታይፎይድ መድኃኒት በቀረ።

ምርመራው ከደም ይጀምራል። ኮርቲሶል የሚለካው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ በተፈጥሮው ስለሚወርድ ያሳስታል። በማይክሮግራም ፐር ዴሲሊትር ከ3 በታች ከሆነ እጥረት አለ ማለት ነው። ከ15 በላይ ከሆነ እጥረት የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። መሃል ላይ ከወደቀ እጢዎቹን በመርፌ ቀስቅሶ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ቀደም ብለው ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ወስደው ከነበረ ይናገሩ፤ ውጤቱን ያዛባል። ታይሮይድ ላይ ደግሞ ቲኤስኤች (ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝበት ሆርሞን) ብቻ ታይቶ «ደህና ነሽ» ቢሉዎ አይቀበሉ። አዛዧ ራሷ ስለታመመች ቲኤስኤች ደህና መስሎ ይቆያል፤ የሚወርደው ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ፍሪ ቲ4 ነው። ሶዲየም፣ ስኳር፣ እንዲሁም ፒቱታሪ ለወተት የምትልከው ፕሮላክቲን፣ ለእንቁላል እጢዎች የምትልካቸው ኤፍኤስኤችና ኤልኤችም አብረው ይታዩ። ኤምአርአይ የእጢዋ መቀመጫ ባዶ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ኮርቲሶሉ ወርዶ ከተገኘ ግን ሕክምናው የኤምአርአይ ወረፋ አይጠብቅም።

ስለ ቆዳዎ አልጻፉልኝም። ፒቱታሪ ስትታመም ሰው ይገረጣል። ድድና የመዳፍ መስመር ከጠቆረ፣ ጨው ጨው ካሰኘ ግን ችግሩ ያለው አድሬናሎቹ ላይ ነው። አዲሰን የሚባለው በሽታ ይህ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ አድሬናልንም ስለሚያጠቃ፣ ያኔ የቲቢ ምርመራ የግድ ነው።

አሁን ወደ ኪኒኖቹ። የታይሮይድ ሆርሞን የሰውነትን ወጪ ያበዛል፣ የቀረችውን ጥቂት ኮርቲሶልም ቶሎ ያስጨርሳል። ባዶ ጎተራ ይዞ ድግስ እንደ መጥራት ነው። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የግፊት መውረድ፣ ራስን መሳት ይከተላል፤ ይገድላልም። ስለዚህ ኮርቲሶልን የሚተካው ኪኒን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ይቀድማል፣ ሌቮታይሮክሲን ከቀናት በኋላ ይከተላል። ሃይድሮኮርቲዞን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ተከፋፍሎ ይሰጣል። ትልቁ ድርሻ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ የቀረው ቀን ላይ ይወሰዳል። ኪኒኑ ከፋርማሲ ከጠፋ ሐኪምዎ በትንሽ መጠን ፕሬድኒሶሎን ሊተካልዎ ይችላል፤ 5 ሚሊግራሙ ከ20 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን ጋር ይመጣጠናል። ሌቮታይሮክሲኑን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጡት። ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሥዎ። ለደም ማነስ የሰጡዎትን የብረት ኪኒን ደግሞ የ4 ሰዓት ልዩነት ሰጥተው ይዋጡት፤ አብረው ከገቡ ታይሮይዱ ወደ ደም በደንብ አይገባም።

ትኩሳት ከያዘዎ የሃይድሮኮርቲዞኑ መጠን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ሲሻልዎ ወደ ቦታው ይመለሳል። እያስመለስዎ ኪኒኑ ካልረጋ ግን ቤት አይቀመጡ። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ባልዎም ይህን ይወቁ። መታወቂያዎ ውስጥ እንዲህ የሚል ወረቀት ያስቀምጡ፦ «የኮርቲሶል እጥረት አለብኝ። ካስመለሰኝ ወይም ራሴን ከሳትኩ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌና ጉሉኮስ ከሳላይን ጋር በአስቸኳይ ይሰጠኝ።» ሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ ሁሉ በሽታውን ያውቃል ብለው አይተማመኑ።

ጸበሉን ተዪ የሚልዎ ሐኪም ካለ እኔ አይደለሁም። ግን ኪኒኑን አቋርጠው፣ ጸበል ጠጥተው እያስመለሱ መዋል ለእርስዎ አደገኛ ነው። ጾም ላይም የጠዋቷ ኪኒን አትቀርም። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ መላ አለው።

ልጅ የመውለዱ ነገር ተስፋ አለው፣ ቀላል ግን አይደለም። እጢዋ የማትልከውን ሆርሞን በመርፌ ተክቶ ማስረገዝ ይቻላል፤ ወጪው ከባድ ነው። ከእጢዋ የተረፈ ክፍል ካለ ያለ መርፌ ያረገዙም አሉ። ለአጥንትዎ ሲባል ስለ ሴት ሆርሞኖቹ፣ ኢስትሮጂንና ፕሮጄስትሮንም ይጠይቁ። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተባሉ ጥቁር አንበሳ የኢንዶክሪን ክፍል አለ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ሽንኩርትና ማሾ አመርታለሁ። ለጉልበቴ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ያለ ማዘዣ እየገዛሁ ከዓመት በላይ ዋጥኩ። ፊቴ ተነፋ፣ ሆዴ ወጣ፣ እግሬ ግን ቀጠነ። ሰው «አማረብህ» ይለኛል። ከነገ ጀምሮ ላቁመው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከነገ ጀምሮ አያቁሙት። ከውጭ ኮርቲሶል ሲጎርፍ የራስዎ አድሬናሎች ሥራ ፈትተው ተኝተዋል። በአንድ ቀን ካቆሙ ከላይ ለሞላሌዋ እህታችን የነገርኳት አደጋ እርስዎንም ያገኝዎታል። መጠኑ ቀስ እየተባለ፣ በሐኪም እየታየ ይወርዳል፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ትኩሳት፣ አደጋ ወይም ቀዶ ሕክምና ቢመጣ ይህን ኪኒን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ። ስኳርዎንና ግፊትዎን ይለኩ። ሳል ከሰነበተብዎ የቲቢ ምርመራም ያድርጉ፣ መድኃኒቱ የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ጉልበትዎም በምን እንደታመመ ገና አልታወቀም፤ ስቃዩ ነው የተሸፈነው። ያለ ማዘዣ የሸጠልዎትን ሰው ነገር ባልናገር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነው ያለሁት። በ38 ዓመቴ ጫማዬ ከ41 ወደ 43 አደገ። የጋብቻ ቀለበቴም አልገባ አለ። ራሴን ያመኛል። ውፍረት ነው?

መልስ፦ ውፍረት የጫማ ቁጥር በሁለት አይጨምርም። አይጂኤፍ-1 የሚባል የደም ምርመራ ይዘዙልኝ ይበሉ። ፒቱታሪ ላይ የበቀለ እብጠት የእድገት ሆርሞን አብዝቶ ሲያመነጭ እንዲህ ያደርጋል። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ የመጀመሪያው ሕክምናም ብዙ ጊዜ በአፍንጫ በኩል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪም ጋ ሲሄዱ የድሮ የቀበሌ መታወቂያዎን ይያዙ። ከአሁኑ ፊትዎ ጋር አስተያይቶ አፍንጫዎና አገጭዎ መለወጡን ያያል። መንገድ ሲሻገሩ ከጎን የሚመጣ መኪና የማይታይዎ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ እብጠቱ የዓይን ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ሳምንት ይታዩ።