5 ኦም ያነበበ ፓምፕ ተቃጥሏል ማለት ነው?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «የቤቴ የውሃ ፓምፕ ስከፍተው እምም ይላል እንጂ አይዞርም። ዋናውን ጥቅል በቴስተር ስለካው 5 ኦም ብቻ አነበበ። 220 ቮልት ለ5 ሲካፈል 44 አምፔር ይመጣል፤ ሞተሩ ላይ የተጻፈው ግን 5 አምፔር ነው። የጠራሁት ሠራተኛ ‹ሾርት ነው፣ እንደገና ይጠቀለል› አለኝ። ላስጠቅልለው?»

ትንሽ ይታገሱ፣ ገንዘብዎን አያውጡ። ስሌትዎ ልክ ነው፤ የሚሠራው ግን ለተዘረጋ ሽቦ ነው። ያንኑ ሽቦ ፈትተው ዘርግተው ሶኬት ላይ ቢሰኩት (አደራ፣ እንዳይሞክሩት!) እውነትም 44 አምፔር ጎትቶ ብሬከሩን ይጥለዋል። ሲጠቀለል ነው ነገሩ የሚለወጠው።

መብራት የሚያልፍበት ሽቦ ሁሉ ዙሪያውን ማግኔት ይፈጥራል። ነጠላ ሽቦ የሚፈጥረው እዚህ ግባ አይባልም። መቶ ጊዜ ሲጠመጠም ግን የመቶውም ዙር ጉልበት ይደመራል፣ መሀሉ ብረት ሲገባበት ደግሞ ይብስበታል። የቤት መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ማግኔቱም አብሮት ሲጠነክርና ሲደክም ይውላል። ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የሚለዋወጥ ማግኔት ጥቅል ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል። የገዛ ጥቅሉንም አይምርም፤ የሚፈጠረው ቮልቴጅ የሚገባውን መብራት መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ ለ5 ኦሟ የሚተርፋት ከ220ው ጥቂቱ ነው። ቴስተርዎ የሚልከው የባትሪ ዲሲ፣ ማለትም የማይመላለስ መብራት ስለሆነ ይህን ግፊት ሊያይ አይችልም።

ሽቦ ለመቆጠብ ዙር የሚቀንስ ጠቅላይ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። ዙር ሁለት ቦታ ይቆጠራል፤ ማግኔቱን ሲፈጥርም፣ ከማግኔቱ ቮልቴጅ ሲቀበልም። ዙሩ በግማሽ ሲቀነስ ያ መብራቱን መልሶ የሚገፋው ተቃውሞ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ወደ እርስዎ ፓምፕ ልመለስ። መጀመሪያ ከሶኬት ይንቀሉትና ከኋላ በማራገቢያው በኩል ዘንጉን በካቻቪቴ ያዙሩት። እምቢ ካለ ዝገት ወይም አሸዋ ይዞታል። በቀላሉ ከዞረ ካፓሲተሩን (ሞተሩ ላይ ያለውን መብራት የሚያጠራቅም ዕቃ) ይጠርጥሩ። በአንድ ፌዝ የሚሠራ ሞተር ዋናው ጥቅል ብቻውን ወዲያና ወዲህ ይገፋል እንጂ አያስነሳም፤ የማስነሻውን ግፊት የሚሰጠው በካፓሲተር በኩል የሚመጣው ሁለተኛው ጥቅል ነው። ሲቀይሩ ማይክሮፋራዱ (ላዩ ላይ የተጻፈው የመያዝ አቅሙ) ያው ይሁን፣ ቮልቱ ግን ከበፊቱ እንዳያንስ። ከመንካትዎ በፊት አሮጌውን በአምፖል ያራግፉት፤ ተነቅሎም ይመታል።

እምም እያለ ግን ተሰክቶ አይቆይ። ቆሞ የቀረ ሞተር ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ አምፔር ይጎትታል፣ ጥቅሉ የሚነደውም ያን ጊዜ ነው።

ካፓሲተሩ ተቀይሮም ካልተነሳ ክዳኑን ያስከፍቱ። ቫርኒሹ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ወይም በጥቅሉና በሞተሩ አካል መካከል ቴስተሩ ካነበበ፣ ሠራተኛው እውነቱን ነበር፤ ያስጠቅልሉት። ያኔም የድሮውን ዙር ቆጥሮ፣ የሽቦውን ውፍረት ለክቶ የሚጽፍ ሰው ይፈልጉ።