ጥያቄና መልስ፦ መድኃኒቱን በስድስተኛው ቀን ለምን ተውሽው?

ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ምግብ ላይ ያለው ባክቴሪያ ይሞታል ወይ ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ።

አይሞትም። ቅዝቃዜው መራባቱን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም።

አንድ አንባቢ ከበላ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ትውከት አጣድፎታል። «ምግቡን እኮ እስኪፈላ ድረስ አሙቀነዋል» ይላል።

ባክቴሪያውማ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ግን ምግቡ ውጭ ብዙ ሰዓት ከቆየ መርዝ ያመርታል፣ መርዙ ደግሞ በማፍላት አይጠፋም። ባብዛኛው በአንድ ቀን ይተዋል። ካልተወህ ሐኪም ጋ ሂድ።

አንዲት አንባቢ ደግሞ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶባት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ታዞላት ነበር። በስድስተኛው ቀን ማቃጠሉ ሲተዋት አቆመችው። አሁን ተመልሶባታል፣ የደም ምርመራውም «አለ» ብሏል። ያንኑ መድኃኒት ራሴ ልግዛ ወይ ትላለች።

አትግዢ፣ እህቴ። ቶሎ የተሻለሽ ከመድኃኒቶቹ አንዱ አሲድ ስለሚቀንስ ነው። ማቃጠሉ ጠፋ ማለት ባክቴሪያው ጠፋ ማለት አይደለም፤ እሱ ጨጓራን ከውስጥ በሚሸፍነው ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ሥር ተሸሽጎ ይቆያል፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ የተረፈው ይራባል፣ ከተረፈው መሃል መድኃኒቱን የተላመደ ካለ ደግሞ ያው ኪኒን ሁለተኛ ላይሠራልሽ ይችላል። የደም ምርመራውም ብዙ አይነግርሽም። የሚያየው ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረተውን ነው፣ ያ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ ለዓመታትም ይቆያል። አሁን መኖሩን የሚነግርሽ የትንፋሽ ወይም የሰገራ አንቲጂን (የባክቴሪያውን ቅንጣት የሚፈልግ) ምርመራ ነው። እሱም አንቲባዮቲክ ካቆምሽ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ካቆምሽ ደግሞ 2 ሳምንት ካልሞላሽ፣ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊልሽ ይችላል።

ነገሩን የማጠብቀው ወድጄ አይደለም። ሰው የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የአሲድ ነው እየተባለ ዕድሜ ልኩን ይሰቃይ ነበር። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ፤ በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። መዳን እንደሚቻል እንዲህ ተለፍቶ ከታወቀ በኋላ ሕክምናውን መንገድ ላይ መተው ያሳዝነኛል። የጨጓራ ካንሰርም እኮ ከዚሁ ባክቴሪያ ጋር ይያያዛል። የጨጓራና አንጀት ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የቱን መድኃኒት ስንት ቀን እንደወሰድሽ ሳትደብቂ ንገሪው። ይሄን የግድ አድርጊ።

በተመረመረ ቁጥር «ታይፎይድ ነው» እየተባለ አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ወጣት መሰልቸቱን ጽፎልኛል።

እኔም ይሄን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ዊዳል በሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ፣ ያውም በአንዱ ብቻ፣ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም፤ ድሮ የያዘህ ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ትኩሳቱ ሲነሳ አንቲባዮቲክ ሳትጀምር የደም ካልቸር (ከደምህ ባክቴሪያ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ይሠራልኝ በል።

አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ተቅማጥ የትኛው አንቲባዮቲክ ያቆመዋል ትላለች።

አብዛኛው የልጅ ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በማንኪያ በማንኪያ እየደጋገምሽ ስጪው፣ ምግብም አትከልክዪው። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካጠረው ወይም ከፈዘዘ ግን የእኔን መልስ አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው።